የረሳችሁትን ፓስወርድ በምን ትፈልጉታላችሁ? ጆን፣ ሀሽካት፣ የሚሸጡ ፕሮግራሞችና የኦንላይን አገልግሎቶች ሲወዳደሩ

አባቴ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነው። የአባላቱን ስም ዝርዝር፣ ማን እስከ ስንት ወር እንደከፈለ፣ ለየትኛው ለቅሶ ስንት ብር እንደወጣ፣ ሁሉንም በአንድ የኤክሴል ፋይል ይዞታል። ፋይሉንም ቆልፎታል። ከዚያ ታሞ ለአምስት ወር ሳይነካው ቆየ። ሲመለስ ፓስወርዱ ከአእምሮው ጠፍቷል። ሊቀመንበሩ "ሂሳብ ይቅረብ" ባሉ በሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ላፕቶፑን ታቅፎ ቤቴ መጣና "እስቲ ይቺን ክፈትልኝ" አለኝ።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው "ምርጡ ፕሮግራም የቱ ነው?" ብሎ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው "ምን ምን ታስታውሳለህ?" ብዬ ነው። ፕሮግራሙ የሚያደርገው የእናንተን ግምት በፍጥነት መሞከር ብቻ ነው። ግምቱ ከሌለ ውድ ፕሮግራምም ባዶ እጁን ይመለሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተቆለፈ ፋይል ፓስወርዱን በውስጡ አያስቀምጥም። የሚያስቀምጠው ከፓስወርዱ በስሌት የወጣ አሻራ ነው፤ ሀሽ ይባላል። ከሀሹ ወደ ፓስወርዱ የሚመልስ ስሌት የለም። ስለዚህ ፕሮግራሙ አንድ ግምት ያነሳል፣ ያንኑ ስሌት ይሠራበታል፣ ውጤቱን ከሀሹ ጋር ያስተያያል፣ ካልገጠመ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሥራው ይኸው ነው።

ከሁሉም በፊት፦ ፋይሉ የማን ነው?

የምጽፈው የራሱን ፋይል ለመክፈት ለሚፈልግ፣ ወይም ባለቤቱ ፈቅዶ ለሰጠው ሰው ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለፈቃድ የሌላ ሰው ኮምፒውተርና ዳታ ውስጥ መግባትን በወንጀል ያስጠይቃል። የእድር፣ የማኅበር ወይም የመሥሪያ ቤት ፋይል ከሆነ ከኮሚቴው ወይም ከአለቃችሁ በጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። አባቴም ቢሆን እድሩ የሱ የግል አይደለምና ለሊቀመንበሩ ደውሎ ካስፈቀደ በኋላ ነው የጀመርነው።

ሌላም አለ። እነዚህ ፕሮግራሞች የፌስቡክ፣ የቴሌግራም፣ የባንክ ወይም የቴሌብር አካውንት አይከፍቱም። እነዚያ የሚከፈቱት በራሱ በድርጅቱ የማስመለሻ መንገድ ብቻ ነው። "ገንዘብ ላክና አካውንትህን አስመልስልሃለሁ" የሚል ሰው ካገኛችሁ ገንዘባችሁን አትላኩ።

ሳትሰብሩ የሚከፈት እንደሆነ እዩ

ሰው ሦስት ቀን ላፕቶፕ ሲያግል ከርሞ መጨረሻ ላይ ያልተቆለፈው ቅጂ ኢሜይሉ ውስጥ ሲገኝ አይቻለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የተላኩ ኢሜይሎችን፣ የቴሌግራም "ሴቭድ ሜሴጅ"ን፣ አሮጌ ፍላሾችን፣ ብሮውዘሩ ያስቀመጣቸውን ፓስወርዶች ፈትሹ።

ከዚያ ቁልፉ እውነተኛ ቁልፍ መሆኑን አረጋግጡ። ኤክሴሉ ተከፍቶ "ይህ ሉህ የተጠበቀ ነው፣ መቀየር አትችልም" ብቻ የሚል ከሆነ ምንም ምስጠራ የለበትም። የኤክስኤልኤስኤክስ ፋይል በውስጡ ዚፕ ነው። በቅጂው ላይ ከሉሁ የኤክስኤምኤል ጽሑፍ ውስጥ የጥበቃውን መስመር ካጠፋችሁ ጥበቃው ይነሳል። ፒዲኤፍም ሁለት አይነት ፓስወርድ አለው። አንዱ ለመክፈት፣ ሌላው ማተምና መቅዳት ለመከልከል ነው። ፋይሉ ተከፍቶ ማተም ብቻ እምቢ ካለ፣ ኪውፒዲኤፍ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ያለ ምንም ግምት ክልከላውን ያነሳዋል።

የዊንዶውስ መግቢያ ከሆነ የማይክሮሶፍት አካውንቱን ፓስወርድ ኦንላይን መቀየር ይቀላል። የቢትሎከር (ዲስኩን በሙሉ የሚቆልፈው የዊንዶውስ ምስጠራ) ቁልፍ ከሆነም የማስመለሻ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ እዚያው አካውንት ውስጥ ተቀምጧል።

መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት አምስት ነገር ለራሳችሁ መልሱ።

የመጀመሪያው የፋይሉ አይነት ነው። ይኼ ፍጥነቱን ይወስነዋል። አንዳንድ አሠራር አንድ ግምት ለመሞከር አንድ ስሌት ብቻ ይበቃዋል፣ ሌላው ሆን ተብሎ እንዲዘገይ ተደርጎ የተሠራ ነው። ኦፊስ 2007 ለአንድ ግምት 50,000 ጊዜ ያስላል፣ ኦፊስ 2010 እና 2013 ደግሞ 100,000 ጊዜ። ሰቨን ዚፕ 524,288 ጊዜ። ልዩነቱን ለማየት፦ አርቲኤክስ 4090 የተባለው ግራፊክስ ካርድ በሀሽካት መለኪያ ኤምዲ5 የሚባለውን ፈጣን ሀሽ በሰከንድ ወደ 164 ቢሊዮን ይሞክራል። ቢክሪፕት የሚባለውን ዘገምተኛ ሀሽ ግን፣ ያውም በዝቅተኛ ደረጃ፣ በሰከንድ 184 ሺህ አካባቢ ነው። 8 ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት 209 ቢሊዮን ገደማ ጥምረት አላቸው። በመጀመሪያው ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። በሁለተኛው 13 ቀን ይፈጃል። ካርዱ ያው አንድ ነው።

ሁለተኛው የምታስታውሱት ነው። ርዝመቱን? የጀመረበትን ፊደል? ቁጥር እንደነበረው? ሦስተኛው ማሽናችሁ ነው፤ ግራፊክስ ካርድ አለው ወይስ ተራ ላፕቶፕ? አራተኛው ምስጢሩ ነው፤ ፋይሉ የሰው እጅ ቢገባ ምን ይደርሳል? አምስተኛው ገንዘብ፣ በተለይ ዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ነው። ይኼ እዚህ አገር ላለነው ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ጆን ዘ ሪፐር

በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ የቆየ ፕሮግራም ነው፤ ኦፕንዎል የተባለው ፕሮጀክት ነው የሚያወጣው። ነጻ ነው። ለእናንተ የሚሆነው "ጃምቦ" የሚባለው ስሪት ነው፣ ምክንያቱም የፋይል ሀሽ የሚያወጡት ትንንሽ መሣሪያዎች አብረውት ይመጣሉ። ለኦፊስ ኦፊስቱጆን፣ ለዚፕ ዚፕቱጆን፣ ለራር ራርቱጆን፣ ለፒዲኤፍ ፒዲኤፍቱጆን፣ ለኪፓስም (ፓስወርዶችን ቆልፎ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ነው) እንዲሁ። ፋይሉን ትሰጡታላችሁ፣ አንድ ረጅም መስመር ያወጣል፣ ያንን መስመር ለጆን ትሰጣላችሁ።

ትልቁ ጥቅሙ በተራ ላፕቶፕ መሥራቱ ነው። ግራፊክስ ካርድ ካለም ይጠቀማል፣ ከሌለም አያኮርፍም። ያለ ምንም ተጨማሪ ትእዛዝ ብታስነሱት እንኳ በራሱ ቅደም ተከተል ይሄዳል፦ መጀመሪያ በሀሹ ዙሪያ ያሉትን ስሞች፣ ከዚያ የቃላት ዝርዝር፣ ከዚያ ሁሉንም ጥምረት። ድካሙ ያለው ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ ነው። ያንን መስኮት ጨርሶ የሚፈራ ሰው የሚያውቅ ጓደኛ አጠገቡ ያስቀምጥ።

የአባቴን ፋይል የከፈትኩት በጆን ነው። ፋይሉ የኦፊስ 2013 አሠራር ነበረው። የኔ ላፕቶፕ በሰከንድ 300 ግምት አካባቢ ነበር የሚሞክረው። በዚህ ፍጥነት 8 ትንንሽ ፊደላትን በሙሉ ልሞክር ብል 22 ዓመት ይፈጅብኛል። ስለዚህ ፕሮግራሙን ሳላስነሳ ቡና ተፈላና ደብተር ይዘን ተቀመጥን።

"ፓስወርድ ስታወጣ ብዙ ጊዜ ምን ታደርጋለህ?" አልኩት። "ስም ነው የማደርገው፣ ከዚያ ዓመተ ምህረት" አለኝ። የልጆቹን፣ የልጅ ልጆቹን፣ የእናቱን፣ የትውልድ መንደሩን፣ የሚያከብራቸውን ታቦታት ስም ጻፍን። 62 ሆኑ። ዓመቱን ከ1990 እስከ 2024 አድርጌ ሞከርኩ። አልተገኘም። ስነግረው ገረመው፦ "እኔ መቼ በፈረንጅ አስቤ አውቃለሁ?"

እውነቱን ነው። ዓመቱን ከ1930 እስከ 2016 አሰፋሁት፤ 87 ዓመት። ከዚያ ስሞቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፉ ወጥ አለመሆናቸው ትዝ አለኝ። ጸሐይን አንዱ በቲ ይጀምራል፣ ሌላው በኤስ። ዮሐንስን በአንድ ኤን የሚጽፍ አለ፣ በሁለት የሚጽፍ አለ። ለእያንዳንዱ ስም ሦስት አጻጻፍ ሰጠሁ። የመጀመሪያ ፊደሉ ትልቅም ትንሽም ይሁን፣ መጨረሻው ላይ ምልክት አይኑር፣ ወይም የ"አት" ምልክት ወይም ቃለ አጋኖ ይኑር። ሁሉም ሲባዛ 97,092 ግምት። ስድስት ደቂቃ ሳይሞላ ወጣ። የልጅ ልጁ የክርስትና ስም፣ በሁለት ቲ የተጻፈ፣ ከተወለደችበት ዓመት ጋር፣ በእኛው አቆጣጠር።

ለዚህ ነው ኢንተርኔት ላይ ያሉትን ትልልቅ የቃላት ዝርዝሮች በመጀመሪያ ሰልፍ ላይ የማላስቀምጣቸው። ዝነኛው ሮክዩ በ2009 እ.ኤ.አ. ከወጣ የዳታ ስርቆት የመጣ ሲሆን ከ14 ሚሊዮን በላይ ፓስወርድ አለው። በኔ ላፕቶፕ ፍጥነት 13 ሰዓት ይፈጃል፣ የሞላውም የውጭ አገር ስምና ቃል ነው። እኛ ስማችንን፣ ታቦታችንን፣ ስልካችንን፣ ዓመተ ምህረታችንን ነው የምናስገባው። የራሳችሁን ዝርዝር ሥሩ።

ስልክ ቁጥር ከሆነ ደግሞ ጥሩ ዜና አለ። በ09 የሚጀምር ቁጥር የቀሩት 8 አሃዞች 100 ሚሊዮን ጥምረት ናቸው። በሰከንድ 300 ወደ አራት ቀን ይፈጃል። ይቻላል። 07 ከተጨመረበት እጥፍ ነው።

ሀሽካት

ሀሽካት የተሠራው ለግራፊክስ ካርድ ነው። እሱም ነጻ ነው፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ኮዱም ክፍት ነው። ደህና የጌም ካርድ ያለው ኮምፒውተር ካላችሁ፣ ወይም ጌም የሚጫወት የወንድም ልጅ ካላችሁ፣ በመቶዎች የነበረው የኦፊስ ሙከራ ወደ ሺዎችና አስር ሺዎች ያድጋል። የአራት ቀኑ የስልክ ቁጥር ሥራ የሰዓታት ይሆናል።

ሁለተኛው ጥንካሬው ማስክ የሚባለው ነው። "መጀመሪያ አንድ ትልቅ ፊደል፣ ከዚያ አራት ትንንሽ፣ ከዚያ አራት ቁጥር" ብላችሁ ቅርጹን ብቻ ትነግሩታላችሁ፣ እሱ በዚያ ቅርጽ የሚገቡትን ብቻ ይሞክራል። ቃሉን ረስታችሁ ቅርጹን ካስታወሳችሁ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ጆንም ማስክ አለው፣ የሀሽካቱ ግን ለዚህ ሥራ ይበልጥ ይመቻል።

የሚያስቸግሩ ነገሮቹን ልንገራችሁ፣ እኔን ብዙ ሰዓት አስለፍተውኛል። ሀሽካት ፋይሉን በቀጥታ አይቀበልም፤ ሀሹን በጆን መሣሪያዎች አውጥታችሁ ነው የምትሰጡት። የወጣው መስመር ደግሞ መጀመሪያው ላይ የፋይሉ ስምና ሁለት ነጥብ አለው። ያንን ካላጠፋችሁ ሀሹን አላውቀውም ይላችኋል። የፋይሉን አይነት በቁጥር መንገርም አለባችሁ፦ ለኦፊስ 2007 9400፣ ለ2010 9500፣ ለ2013 9600፣ ለኪፓስ 13400፣ ለሰቨን ዚፕ 11600፣ ለአዲሱ ራር 13000። ቁጥሩ ከተሳሳተ ሥራው አይጀመርም። ሌላው፣ ፓስወርዱ አንዴ ከተገኘ በኋላ ድጋሚ ብታስነሱት ምንም ሳይሠራ ይቆማል። አልተበላሸም። ያገኘውን መዝግቦ ስላስቀመጠ ነው፣ "አሳየኝ" የሚለውን ትእዛዝ ስጡት። ጆንም እንደዚሁ ነው።

ካርዱ ይግላል። ሀሽካት 90 ዲግሪ ሲደርስ ራሱ ያቆማል፤ ላፕቶፕ ከሆነ ግን አልጋ ላይ አታስቀምጡት፣ ከስሩ አየር ይግባ። መብራት ቢጠፋም አትደንግጡ። ሁለቱም ፕሮግራሞች የደረሱበትን እየመዘገቡ ስለሚሄዱ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ሥራውን ስትጀምሩ ስም ስጡት፣ በዚያ ስም ታስቀጥሉታላችሁ።

ፓስወርዱን በአማርኛ ፊደል ጽፌዋለሁ የምትሉ ካላችሁ፣ ማስኩን ተዉት። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደላትን የሚያስቀምጥበት አጻጻፍ) 3 ባይት ይይዛል፣ የሀሽካት ማስክ ደግሞ የሚቆጥረው በባይት ነው። ለዚህ የሚቀለው በጆን፣ አጻጻፉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ነግሮ፣ በእጅ የተሠራ የቃላት ዝርዝር መስጠት ነው። ሐመሩ ሐ ይሁን ሀሌታው ሀ፣ ጸሎቱ ጸ ይሁን ፀሐዩ ፀ፣ ሁሉንም አስገቡ።

የሚሸጡት ፕሮግራሞች

ፓስዌርና ኤልኮምሶፍት የታወቁት ናቸው። ጥሩነታቸው መስኮት፣ አዝራርና መመሪያ አላቸው፤ ፋይሉን ትጎትቱበታላችሁ፣ አይነቱን ራሱ ያውቃል። ለመርማሪዎች የሚሸጡት ስሪቶች ከሺህ ዶላር በላይ ናቸው፣ የቤት ስሪቶቹ በጣም ይረክሳሉ። ብዙ የተለያየ ፋይል በየወሩ ለሚከፍት መሥሪያ ቤት ያዋጣል። አንድ ፋይል ለረሳ ሰው ግን የሚሠሩት ያንኑ ግምት ነው፣ ከነጻዎቹ የሚበልጥ ትዝታ አያመጡም። ነጻ የሙከራ ስሪታቸው ብዙ ጊዜ ከፓስወርዱ የተወሰነውን ብቻ ያሳያል፣ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት መገኘቱን ማወቅ ትችላላችሁ።

"ክራክ የተደረገ" ስሪታቸውን ከቴሌግራም ቻናል አውርዳችሁ አትጫኑ። ከነቫይረሱ ነው የሚመጣው። ጆንና ሀሽካትንም ከራሳቸው ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። አንቲቫይረስ "አደገኛ መሣሪያ" እያለ ይጮህባቸዋል፣ ለዚያም ነው ከየት እንደመጡ እርግጠኛ መሆን የሚያስፈልገው።

የኦንላይን አገልግሎቶች

ፋይላችሁን ትልካላችሁ፣ በነሱ ትልቅ ማሽን ይሞክራሉ፣ ከተገኘ ትከፍላላችሁ። ማሽን ለሌለው ሰው ያጓጓል። ጥያቄው ምስጢሩ ነው። የእድር አባላት ስምና ስልክ፣ የሠራተኛ ደሞዝ፣ የሕመምተኛ መዝገብ ያለበትን ፋይል በምንም ዋጋ አልልክም።

አንዳንዶቹ ሀሹን ብቻ ይቀበላሉ። ለኦፊስ ፋይል ይህ ጥሩ ነው፣ ሀሹ ውስጥ የሰነዱ ይዘት የለም። ዚፕና ሰቨን ዚፕ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ፋይሉ ትንሽ ሲሆን የወጣው መስመር ውስጥ የተቆለፈው ዳታ ራሱ አብሮ ሊገባ ይችላል። መስመሩ ብዙ ገጽ የሚሞላ ከሆነ ይዘቱንም እየላካችሁ ነው ማለት ነው።

የድሮ ዚፕና የድሮ ኦፊስ

ዚፑን በሰቨን ዚፕ ክፈቱና "ሜቶድ" የሚለውን ዓምድ እዩ። ኤኢኤስ (ጠንካራው ምስጠራ) ካለ ከግምት ሌላ መንገድ የለም። ዚፕክሪፕቶ ካለ ግን ደስ ይበላችሁ። ይህ የድሮ አሠራር ድክመቱ በ1994 እ.ኤ.አ. ነው የታወቀው። ዚፑ ውስጥ ካሉት ፋይሎች የአንዱን ያልተቆለፈ ቅጂ ካገኛችሁ፣ ቢኬክራክ የሚባለው ነጻ መሣሪያ ሌሎቹን ይከፍታል፤ ፓስወርዱ ምንም ያህል ቢረዝም። የሚያስፈልገው 12 የታወቀ ባይት ነው፣ ከነዚያ 8ቱ ተከታታይ መሆን አለባቸው። ያልተቆለፈውን ቅጂ በዚያው ዚፕ ፕሮግራም ጨምቁት፣ ካልተመሳሰለ አይሠራም።

ስሙ በኤክስ የማያልቅ የድሮ ወርድና ኤክሴል ከሆነም ተስፋ አለ። ብዙዎቹ የ40 ቢት ቁልፍ ነው ያላቸው፤ አንድ ትሪሊዮን ገደማ ቁልፍ ማለት ነው። ሀሽካት በጥሩ ካርድ ፓስወርዱን ትቶ ቁልፉን ራሱን ሊፈልግ ይችላል።

| አማራጭ | ወጪ | የሚያስፈልገው ማሽን | ምስጢር | የሚመቸው |
|---|---|---|---|---|
| ጆን ዘ ሪፐር | ነጻ | ተራ ላፕቶፕ | ቤት ይቀራል | ጥሩ ትዝታ፣ አጭር ዝርዝር፣ የአማርኛ ፊደል |
| ሀሽካት | ነጻ | ግራፊክስ ካርድ | ቤት ይቀራል | ቅርጹ የሚታወስ፣ ስልክ ቁጥር፣ የድሮ ኦፊስ |
| ቢኬክራክ | ነጻ | ተራ ላፕቶፕ | ቤት ይቀራል | የድሮ ዚፕ፣ አንድ ያልተቆለፈ ቅጂ ሲኖር |
| የሚሸጡት | በዶላር | ተራም ካርድ ያለውም | ቤት ይቀራል | ብዙ ፋይል ያለው መሥሪያ ቤት |
| ኦንላይን | ሲገኝ በዶላር | አያስፈልግም | ከእጅ ይወጣል | ምስጢር የሌለው ፋይል |

ለማን የቱ?

ገንዘብም ግራፊክስ ካርድም የሌለው፣ ግን ስምና ዓመት የሚያስታውስ ሰው፦ ጆን፣ ደብተርና አንድ ማታ። አብዛኞቻችሁ እዚህ ናችሁ።

ቅርጹን ብቻ የምታስታውሱ፦ ሀሽካት። ካርድ ከሌላችሁ ሀሹን ብቻ በፍላሽ ይዛችሁ ካርድ ያለው ዘመድ ጋ ሂዱ፤ ፋይሉ ቤት ይቅር። ውጭ አገር የምትኖሩና የዶላር ካርድ ያላችሁ ደግሞ ግራፊክስ ካርድ በሰዓት መከራየት ትችላላችሁ። ከኪራዩ ክፍያ በፊት ግን በራሳችሁ ላፕቶፕ አጭር ሙከራ አድርጉና ጥምረቱን ለፍጥነቱ አካፍሉ። መልሱ በካርዱ ፍጥነትም ዓመታት ከሆነ ካርድ መከራየቱ ብዙም አያተርፍም።

ጥገና ቤት የምትወስዱ፦ ላፕቶፑን ጥላችሁ አትሂዱ። ሀሹን አብራችሁ አውጡ፣ ያንን ብቻ ስጡ።

ምንም የማታስታውሱ፣ ፋይሉም አዲስ ኦፊስ ወይም ሰቨን ዚፕ የሆነባችሁ ደግሞ፣ ለፍለጋው ገደብ አብጁለት። አንድ ሳምንት ይበቃል። ካልተገኘ ፋይሉንም ሀሹንም የሞከራችሁትን ዝርዝርም አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ፣ አታጥፉት። ፓስወርድ ባላሰባችሁት ሰዓት፣ ሻወር ላይ ወይም ታክሲ ውስጥ፣ ግማሹ ድንገት ትዝ ይላል። ያን ጊዜ ያንን ግማሽ ይዛችሁ ከደብተሩ ትጀምራላችሁ።